ጥሩንባ ነፊው ሲሮጥ

አቶ ደምሰው በመካኒሳ የአንድ ዕድር ጥሩንባ ነፊ ነበሩ። ሰው ባረፈ ማለዳ መንደሩን እየዞሩ የሟቹን ስም የሚያሰሙ እርሳቸው ናቸው። በ፲፱፻፹፯ ዓ.ም. ክረምት ግን ትንፋሻቸው ከዳቸው፤ የጥሩንባው ድምፅ መካከል ላይ ይቆረጥ ጀመር።

የዕድሩ ዳኛ አቶ ኢስማኢል በሐዘኔታ፣ «እስከ ፋሲካ እንታገሥ። ካልተሻለዎ ጥሩንባውን ለወጣቱ ለጌቱ እንሰጣለን» አሏቸው።

ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አቶ ደምሰውን ከሰው ጋር የሚያገናኛቸው ያ ጥሩንባ ብቻ ነበር። ሳንባን የሚያሰፋው ሩጫ ነው ብለው ስላመኑ፣ በጥር ወር አንድ ማለዳ ሸራ ጫማቸውን አጥልቀው በጭጋጉ ውስጥ ወደ ለቡ መሮጥ ጀመሩ።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ቡዜ ከበር ብቅ አሉ። «ኧረ ደምሰው! ማን አረፈ?»

ለመልስ የሚተርፍ ትንፋሽ አልነበራቸውም፤ እጃቸውን ብቻ አወዛወዙ። ወይዘሮ ቡዜ ነገሩ ከአፍ የማይወጣ መርዶ መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቅዝቀው «ወይኔ!» አሉ። በሮች ሁሉ ተከፈቱ። አቶ ደምሰው ሲመለሱ የዕድሩ ድንኳን እየተተከለ ነበር።

«ማንም አልሞተም፤ ስፖርት እየሠራሁ ነው» አሉ እያለከለኩ።

«ስፖርት? አንተ ሰው፣ እንባዬን መልስልኝ!» አሉ ወይዘሮ ቡዜ።

አቶ ኢስማኢል ሳቃቸውን ውጠው ፈረዱ፤ «ከእንግዲህ በእግር ይሂዱ እንጂ አይሩጡ።»

ፍርዱ መረራቸው። እርምጃ ሁሉም ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ ማንን አበርትቶ ያውቃል? ሆኖም ሌላ መንገድ ስላልነበራቸው ማለዳ ማለዳ እስከ ሀና ማርያም ይሄዱ ጀመር። በሮጡባት ማለዳ ከልባቸው ምት በቀር የሰሙት ነገር አልነበረም። አሁን ግን ጭጋጉ ቀስ እያለ ይከፈትላቸዋል፤ ባሕር ዛፎቹ አንድ በአንድ እየመጡ ያልፋሉ፤ መንደሩ ገና ሕልም ላይ ሳለ እርሳቸው በዚያ ሕልም ውስጥ የሚራመዱ ይመስላቸዋል። ቤተ ክርስቲያኑን ይሳለማሉ፤ የሚያገኙትንም ሰው ሰላም ይላሉ። መጀመሪያ ላይ ዳገቱን ሲወጡ «እንዴት አደርክ» ከማለት አያልፉም ነበር። እያደር ስለ ልጆቹ፣ ስለ ከብቱ፣ ስለ ታመመው አማት ሳይቀር ዳገቱ ላይ ጠይቀው ይጨርሱ ጀመር፤ ከንግግራቸው መካከል የሚቆረጥ ቃል እንደሌለ ግን ልብ አላሉም።

ጾሙ ሊፈታ ሲቃረብ ከወንዙ ማዶ የሚኖሩት እማማ አማከለች አረፉ። አቶ ደምሰው ጥሩንባውን አነሡ። አቶ ኢስማኢል ደጃፋቸው ላይ ቆመው ጆሯቸውን ሰጡ።

ድምፁ ረዘመ። በጭጋጉ ውስጥ ቁልቁል ወደ ለቡ ወረደ፤ አልተቆረጠም።

ወይዘሮ ቡዜ ነጠላቸውን እንደያዙ ወጡ፤ ገና አላዘቀዘቁትም። «ደምሰው፣ ዛሬም ስፖርት ነው?»

«አይደለም ቡዜ። እማማ አማከለች አርፈዋል፤ ቀብሩ በስድስት ሰዓት በሀና ማርያም ነው፤ እግዚአብሔር ያጽናሽ» አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ።

ከዚያም ጥሩንባውን እንደ ገና ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ ቀድሟቸው የሮጠውን ድምፅ በእርምጃ ተከተሉት።