ጡሩምባውን ሰምተው የመጡት ሴት

ይህ የገጠመኝ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በግንቦት ወር፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ነው። እስከ ዛሬ ለማንም አውርቼው አላውቅም። የማወራለት ሰው ስለሌለኝ ብቻ አይደለም፤ እኔ የማወራው ነገር ሁሉ እንደ ቀልድ ስለሚሰማ ነው።

ስሜን ብጽፈው አታውቁኝም። «ሊቀመንበሯ» ብላችሁ ግን ዕድሜያችሁ ከፍ ያለው ፈገግ ትላላችሁ። ከስምንት እስከ አሥራ አራት ዓመቴ ከአንድ የኮሜዲ ቡድን ጋር በየከተማው እየዞርኩ የሰፈር ሊቀመንበር ሆኜ እጫወት ነበር። እስከ ቁርጭምጭሚቴ የሚደርስ የወንድ ኮት፣ መስታወት የሌለው መነጽር፣ ብብቴ ሥር ደብተር። ትልልቆቹን ሰዎች ተቆጥቼ «ዝም በሉ! ስብሰባ ላይ ነን!» ስል አዳራሹ በሳቅ ይናወጥ ነበር። በሲዲ ወጥቶም በየቤቱ ገባ።

ልጅ ሆኖ ማሳቅ አይከብድም። የትልቅ ሰው ኮት ለብሶ መቆም ብቻ ይበቃል። አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላኝ ኮቱ ልኬ ሊሆን ደረሰ፤ ሰውም መሳቁን ተወ። ቡድኑ ሌላ ልጅ ፈለገ።

ትምህርቴን በመድረክ ምክንያት ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ ስለነበር በሃያ ሁለት ዓመቴ ማታ ማታ ቀጠልኩ። ዘግይቶ የተማረ ሰው ፊደል ላይ ይጨክናል። በኋላ ወደ ትወናው ስመለስ የሚሰጡኝን ድርሰቶች በቀይ እስክሪብቶ አርሜ መመለስ ልማዴ ሆነ፤ ብዙ ወዳጅ አላፈራልኝም። የሚሰጡኝ ሥራም ከሊቀመንበሯ አልወጣም። ለፍላፊ የቤት ሠራተኛ፣ ለፍላፊ ጎረቤት። ሌላ ነገር ልሞክር ስል ሰው ይስቃል። ላስቀው ስል አይስቅም፤ ላስለቅሰው ስል ይስቃል።

በሠላሳ አንድ ዓመቴ ናሆም የሚባል ወጣት ዳይሬክተር ልጇ የሞተባትን እናት እንድሠራ ሰጠኝ። በልጅነቱ አይቶኝ አያውቅም ነበር፤ ለዚህ ይመስለኛል የደፈረው። ለቀረጻ ወደ ሸዋ ሮቢት ወረድን። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወደ ጀውሃ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሽንኩርት እርሻ አጠገብ የዕድር ድንኳን ተተከለ። ለቀስተኛ የሚሆኑት የከተማው ሰዎች ነበሩ፤ ባለሱቆች፣ የሆቴል ሠራተኞች፣ የባጃጅ ሹፌሮች።

ሰኞ ዕለት ገና ነጠላዬን አዘቅዝቄ ብቅ ስል ድንኳኑ ተንጫጫ።

«ውይ ሊቀመንበራችን! አደገች እኮ!»

ጎኔ የተቀመጠችው የሆቴል ወጥ ሠሪ ጉልበቴን መታ አደረገችኝ። «ስታለቅሺም ታስቂያለሽ፣ ታውቂያለሽ?» አለችኝ፤ ሙገሳ መሆኑ ነው።

ሜካፕ የምትሠራዋ ልጅ ደግሞ፣ «በሮቢት አገር እንባ ይቸግራል? አንድ ሽንኩርት ልክተፍልሽ?» አለች። እምቢ አልኩ። ቀረጻው ተጀምሮ ማልቀስ ስጀምር አንድ የባጃጅ ሹፌር ከኋላ፣ «ዝም በሉ! ለቅሶ ላይ ነን!» ብሎ ጮኸ። ካሜራ የያዘው ልጅ ሳይቀር ሳቀ። ቀኑን ሙሉ ደጋገምነው፤ ቀኑን ሙሉ ተሳቀ።

አመሻሹ ላይ ናሆም ለብቻዬ ጠራኝ።

«እስከ ነገ ምሳ ሰዓት እንሞክር። ካልሆነ እናትየዋን ለሌላ ተዋናይት እሰጣለሁ፤ ተነግሯት ደብረ ሲና ደርሳለች። አንቺ የሟቹን አክስት ትሠሪያለሽ፤ ትንሽ የምታስቅ አክስት። ሕዝቡ ይወድልሻል።»

ሕዝቡ እንደሚወደው አልተጠራጠርኩም። ያቺን አክስት ከሆንኩ ግን እስክሞት ድረስ አክስት እንደምሆን አወቅሁ።

ማክሰኞ ጧት ናሆም ሰዎቹን ወደ ሐዘን ስሜት ለማስገባት አንድ ዘዴ አሰበ። የዕድሩን ጡሩምባ ነፊ አስጠርቶ የእውነት እንዲነፉ አዘዛቸው። ሽማግሌው ጡሩምባቸውን ይዘው አመነቱ።

«ልጄ፣ ይሄ በከንቱ አይነፋም። ሰው ይመጣል።»

«መንገዱ ላይ ዘበኛ አቁመናል፣ ጋሼ። ፊልም ነው እያለ ይመልሳል።»

ነፉት። ዘበኛው የመጣውን ሁሉ ከአስፋልቱ መለሰ። በእርሻው በኩል ግን ማንም ዘበኛ አልነበረም።

ማልቀስ ጀመርኩ። ለቀስተኞቹ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል፤ ከሩቅ ላየው ለቅሶ ይመስላል። እኔ ግን አውቀዋለሁ። ሳቅን ከስምንት ዓመቴ ጀምሮ በጀርባዬም ቢሆን እለየዋለሁ።

በዚህ መሃል ከድንኳኑ ጀርባ አንዲት እናት ገቡ። ነጠላቸው ተዘቅዝቋል፤ እግራቸው እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፣ የመስኖ ጭቃ። ግራ ቀኝ አላዩም። በቀጥታ መጥተው የተቀመጥኩበት ሰሌን ላይ ከቀኝ ጎኔ ተቀመጡና አንገቴን አቀፉኝ።

«እኔን! እኔን ልጄ! ምነው ብቻሽን አስለቀሱሽ?»

የለቀስተኞቹ ትከሻ መንቀጥቀጡን አቆመ።

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አሉኝ።

ድርሰቱ «ልጄ» በይ ይላል። እኔ «እናቴ» አልኩ።

ውሸት አልነበረም። አሥራ አራት ዓመቴ ላይ ከቡድኑ ጋር ሩቅ አገር ስንዞር እናቴ አዲስ አበባ ሞተች። መርዶ በወጉ ይነገራል፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ጧት፣ ሰው በሞላበት ቤት። የቡድኑ አለቃ ይህን ወግ ምክንያት አድርጎ ዙሩ እስኪያልቅ አይነገራት አለ። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ከእኔ በቀር። አሥራ አንድ ቀን ሙሉ «ዝም በሉ! ስብሰባ ላይ ነን!» እያልኩ ሰው አሳቅሁ። ቤቴ ስደርስ ድንኳኑ ፈርሶ፣ ወንበሩ ተመልሶ፣ ጎረቤት አልቅሶ ጨርሶ ነበር። ጧት ነገሩኝ፤ ከሰዓት ሁሉም ወደ ሥራው ሄደ።

ሴትዮዋ እጃቸውን ከትከሻዬ ሳያነሱ በዝግታ አዜሙ፦

«እናት የሌለው ሰው ቤቱ ቢከፈትም፣
ቢጣሩ ቢጣሩ አቤት ባይ የለውም።»

ከዚያ በኋላ እንዴት እንዳለቀስኩ አላውቅም። በኋላ በካሜራው አሳዩኝ፤ የማላውቃት ሴት ናት። ወጥ ሠሪዋም የእውነት ታለቅስ ነበር።

ጥቂት ቆይተው ተነሡ። «አስካለ እባላለሁ፤ ቤቴ ከእርሻው ማዶ ነው። የውሃ ተራዬን ጥዬ ነው የመጣሁት፤ ልሂድ። ለሰልስቱ እመጣለሁ፣ አይዞሽ» አሉኝ። በመጡበት ሄዱ።

ናሆም ዘሎ አቀፈኝ። «ይሄ ነው! በቃ፣ እናትየዋ አንቺ ነሽ!»

ሁለት እርምጃ ሮጬ «እትዬ፣ ፊልም ነው» ማለት እችል ነበር። አላልኩም። ሥራው የእኔ ሆኖልኝ ነበርና ዝም አልኩ። ከዚህ ሁሉ የሚቆጨኝ ይሄ ነው።

ረቡዕ ዕለት ለናሆም ነገርኩት። «ከተማው ሁሉ ፊልም መሆኑን ያወራል፤ ይሰማሉ» አለኝ። ሐሙስ ጧት ሁሉም ሌላ ትዕይንት ለመቅረጽ ወደ ጀውሃ ወረዱ። እኔ ራሴን አሞኛል ብዬ ቀረሁ፤ በባጃጅ ወደ ድንኳኑ ሄድኩ።

ባዶ ነበር። የፕላስቲክ ወንበሮቹ ተደራርበዋል። ሙቀቱ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ሸራውን ያግለው ነበር። ሟች በሌለበት ለቅሶ ቤት ብቻዬን ተቀምጬ ጠበቅሁ። እንዳይመጡ ጸለይኩ፤ ደግሞ እንዳይቀሩ።

ረፋዱ ላይ መጡ። ዛሬ እግራቸው ታጥቧል፣ ነጠላቸው ንጹሕ ነው። ንፍሮ በጨርቅ ቋጥረዋል። ባዶውን ድንኳን ሲያዩ ፊታቸው ጠቆረ።

«ሰዉስ? በሰልስቱ ጥሎሽ ሄደ?»

«እትዬ አስካለ፣ ሰው አልሞተም። ፊልም ነው፤ ጨዋታ። ማክሰኞ ልነግርዎ ይገባኝ ነበር። አልነገርኩዎትም።»

የተደራረቡትን ወንበሮች አዩ።

«ጡሩምባውስ?»

«እሱም ለፊልሙ ነው።»

«በጡሩምባ ትጫወታላችሁ?»

የተቋጠረውን ንፍሮ ከአንዱ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩ። ለመሄድም ዞር አሉ። ከዚያ ቆሙ።

«እናትሽስ? እሷም ጨዋታ ናት?»

«እሷ እውነት ናት።»

«መቼ?»

«አሥራ አራት ዓመቴ ላይ።»

«ለቅሶ ተቀምጠሽላታል?»

«አልደረስኩም። ደብቀውኝ ነበር።»

እትዬ አስካለ ወደ መግቢያው፣ ወደ እርሻቸው አዩ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው ሰሌኑ ላይ፣ በዚያው በቀኝ በኩል፣ ቁጭ አሉ።

«በይ ነይ። እህሉም አይባክን።»

ተቀመጥኩ። ጨርቁን ፈቱት።

«ስሟ ማን ነበር?»

«ተዋበች።»

«ነፍሷን ይማር፣ ተዋበችን» አሉና ንፍሮ ዘግነው እጄ ላይ አደረጉልኝ። እኔ አላለቀስኩም፤ እሳቸውም አላለቀሱም። ፀሐይዋ አናት ላይ እስክትደርስ ተቀመጥን።

ሲነሡ ጠየቁኝ። «ያን ቀን እኔንም አንስተውኛል?»

«አዎ።»

«አስወጪልኝ። እኔ ያለቀስኩት ለሰው ነው። ለጨዋታ አይደለም።»

«እሺ» አልኳቸው። እሺ ያልኩት የእናትየዋን ሥራ መልሼ እየሰጠሁ እንደሆነ እያወቅሁ ነው።

ማታ ለናሆም ስነግረው ተቆጣ። «እሱን ካወጣሁት ምን ቀረኝ? አንቺስ ምን ይቀርሻል?»

«አውጣው።»

«ነገ አንድ ጊዜ ብቻ። አንድ። ከሳቁ አክስትየዋ ነሽ፤ ልጅቷ እንደሆነች እስካሁን ደብረ ሲና ናት።»

ዓርብ ጧት ተመለስን። ጡሩምባ እንዳይነፋ ለመንኩ፤ አልተነፋም። የእትዬ አስካለና የእናቴ ወሬ ግን ከተማውን አዳርሶት ኖሯል። ለቀስተኞቹ አንድ በአንድ ገብተው አጎንብሰው ተቀመጡ። ያ የባጃጅ ሹፌር ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ወጥ ሠሪዋ ተጠግታ ቀኝ ጎኔ ልትቀመጥ ስትል፣ «ይቅርብሽ፣ ያቺን ቦታ ተያት» አልኳት። ወደ ግራዬ ዞራ ተቀመጠች።

አለቀስኩ። የሳቀ የለም።

ፊልሙ ሲወጣ አንድ ሲኒማ ቤት ገብቼ ከኋላ ተቀምጬ አየሁት። እዚያ ትዕይንት ላይ ከቀኝ ጎኔ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ይታያል። አንድ የማውቀው ጋዜጠኛ «የቦታ አደላደል ስህተት ነው» አለኝ። ስህተት የማልወድ ሰው ነኝ፤ ግን አላረምኩትም።

ከዚያ ወዲህ ሌሎች እናቶችን ሠርቻለሁ። ታክሲ ውስጥ ግን አሁንም «ሊቀመንበር!» የሚለኝ አይጠፋም፤ እኔም «አቤት» እላለሁ። በሮቢት በኩል ሳልፍ ከአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ የሽንኩርቱን ማሳ አያለሁ። አንድም ቀን አልወረድኩም። ወርጄ ምን እላቸዋለሁ? ግን በዚህ ሁሉ ዓመት የእናቴን ስም የጠየቀኝ ሰው ቢኖር እሳቸው ብቻ ናቸው።