ትልቁ ጊታር በክርያት ሐይም ጣቢያ

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ጊታር ላስመርጣት እዚህ እስራኤል፣ ክርያት ቢያሊክ ያለ ሱቅ ወሰድኳት። ሻጩ ትንሹን ቢያሳያት እሷ ዓይኗን ትልቁ ላይ ጣለች፤ ሆደ ሰፊውን አንስታ አቀፈችው። እኔ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ።

እንዲህ ያለውን የተሸከምኩት በአሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው። የእኔም አልነበረም። የሙዚቃ አስተማሪዬ ከአባቱ የወረሰውን ለፈተናዬ እንድለማመድበት አምኖ ሰጠኝ። ሳጥኑ ጥቁር፣ ከባድ፣ እስከ ደረቴ የሚደርስ። ድምፁ ማርኮኝ እንጂ በባቡር ይዘውት የሚዞሩት ዕቃ አይደለም።

የነሐሴ ሙቀት ነበር። ከባሕሩ ነፋስ የለ፣ ከሐይፋ ነዳጅ ማጣሪያ በኩል የሚመጣ ሽታ ብቻ። ክርያት ሐይም ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ የሐይፋን ባቡር ስጠብቅ፣ ጎረቤታችን እማማ ዓለምነሽ ግማሽ ኬሻ በርበሬ ተሸክመው ከሌላ ባቡር ወረዱ። እኛ ሐበሾች ዘንድ ትልቅ ሰው ሸክም ይዞ እያዩ መቀመጥ ነውር ነው። ተነሥቼ ጉልበት ሳምኩ፣ እያስነጠሰኝ ኬሻውን ተቀበልኩ። ሁለቱን ባንዴ መያዝ አቃተኝ። ማን ይነካዋል ብዬ ጊታሩን አግዳሚው ላይ ተውኩት። አውቶቡስ ላይ ሳያሳፍሩ መመለስም ወግ አይደለምና መንገዱን ተሻግረን ፌርማታው ጋ አብሬያቸው ቆምኩ።

አውቶቡሱ ቀረ። ሰዉ ከጣቢያው እየሮጠ ወጣ፣ መንገዱም ተዘጋ፤ በድምፅ ማጉያ በዕብራይስጥ ተለፈፈ።

«ምን ሆኑ?» አሉኝ እማማ። ዕብራይስጥ አይሰሙም።

«ባለቤት የሌለው ዕቃ አግኝተው፣ ቦምብ ይሆናል ብለው ነው።»

«የማን ዕቃ?»

«የእኔ።»

ወደ ጣቢያው ዞረው አዩ። «ታዲያ የእኔ ነው በያቸዋ፣ አንቺ ልጅ።»

«እማማ፣ እፈራለሁ።»

የፈራሁት ቦምቡን አይደለም፤ ቦምብ እንደሌለ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? የፈራሁት መሣሪያ ወደያዘ ሰው መጠጋትን ነው። እዚህ ጥቁር ልጅ ቶሎ ይጠረጠራልና፣ እናቴ ከቤት ስንወጣ «ፖሊስ ስታዩ አትሩጡ፣ እጃችሁን ከኪሳችሁ አውጡ» ትለን ነበር። ብዘገይ ደግሞ የሰው አደራ ያፈነዱታል።

እማማ እጄን ይዘው ፖሊስ ወደ ወጠረው ገመድ ሄዱ። አንድ ወጣት ፖሊስ መሣሪያውን ደግኖ «ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። ሁለት እጄን አነሣሁ። እማማ አዩኝና እሳቸውም እጃቸውን አነሡ። ሰባ ያለፋቸው ሴት፣ ምንም ሳያጠፉ። ድምፄ ያኔ ወጣ፤ «ዜ ሸሊ፣ የእኔ ነው! ጊታራ!»

ፖሊሱ በሬዲዮ ተነጋገረ። ፈንጂ አምካኙ ሳጥኑን ከሩቅ በገመድ ጎተተው። ወደቀ። ሰው በሌለበት ጣቢያ ስድስቱም ክሮች ባንዴ ጮኹ፤ እኛ ድረስ ተሰማ። ፖሊሱ መሣሪያውን ዝቅ ሲያደርግ እኔ መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ጊታሩን ስመልስለት አስተማሪዬ የተሰነጠቀውን ጎን እየዳበሰ አልተቆጣኝም። «ሆዱን ያሰፉት እኮ እንዲህ እንዲሰማ ነው» አለኝ። ድሮ ድምፅ ማጉያ ሳይኖር፣ ትንሹ ጊታር በጭፈራው ጫጫታ ይዋጥ ነበርና አሜሪካ ያሉ ሠሪዎች እያሰፉት ሄዱ፤ አንዱን ዓይነትማ በትልቅ የጦር መርከብ ስም ሰየሙት። ብቻውን ቆሞ የሚዘፍን ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው፤ ጎርነን ያለው ድምፅ ደረቱ ድረስ ይሰማዋል።

ለእህቴ ልጅ ትልቁን ገዛሁላት። ሻጩ ክሩን እንዴት እንደምትቃኝ አሳያት። እኔ ደግሞ ከሱቁ ሳንወጣ፣ ዕቃሽን ጥለሽ አትሂጂ፣ ፖሊሶች ሲጠይቁሽ ቶሎ፣ ጮክ ብለሽ መልሺ አልኳት። «ቤሰደር፣ እሺ አክስቴ» አለችኝ እየሳቀች። እማማ ዓለምነሽ ዛሬ በሕይወት የሉም። እጅሽን አንሺ የተባለች ቀን፣ አብሯት እጁን የሚያነሣ ማን አላት እያልኩ እስከ አውቶቡሱ ከኋላዋ ተከተልኳት።