ክንዱ ረጅም ተፎካካሪ

በሪሞት ከሚነዱ መጫወቻ መኪኖቼ ለአንዷ አውሮፕላን የሚያስንቅ ሞተር ገጥሜ፣ ሽቦው እንደተንጠለጠለ ሽኩና ጊሜል በሚባለው ሰፈራችን ውስጥ ስነዳት አመለጠችኝ። ተከትዬ ስደርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ሥር ቆማለች። መንገዱ በገመድ ተዘግቷል፤ ሕዝቡ ከገመዱ ወዲህ ተኮልኩሏል። ግራ ገባኝ። ጭራሽ ከፖሊስ መኪና ክንዱ የረዘመ ሮቦት ወርዶ ወደ እሷ ገሰገሰ።

«ውድድር ነው እንዴ?» አልኳት አጠገቤ የቆመችውን ሴት።

«የምን ውድድር አባባ! ኼፌጽ ኻሹድ፣ አጠራጣሪ ዕቃ ነው! ቦምብ ነው ብለው ሊያፈነዱት ነው!»

ያን ሁሉ የለፋሁባትን! ሪሞቱን ስጫነው «ቦምቡ» ወደ እኛ በረረ። ሕዝቡ ጎረቤት ከተማ ዖሜር እስኪደርስ ሮጠ።

የቀረው ሮቦቱን የሚነዳው ፖሊስ ብቻ ነው፤ የእኛው የሐበሻ ልጅ። ሲመጣ እጄን ለካቴና ዘረጋሁ። ግራ ቀኝ ቃኘና በጆሮዬ፣ «አባባ፣ የእኔንም እንዲህ ያፈጥኑልኛል?»