ቀይ ቤት የተሸነፈ ዕለት

ትናንት የልጅ ልጄ ቀይ ከነቴራውን እንደለበሰ፣ ዓይኑ በልቅሶ አብጦ ከትምህርት ቤት ገባ። «እማማ፣ ቀይ ቤት ተሸነፈ!» ብሎ ጉያዬ ውስጥ ተደፋ። የእኔው ቀይ ቤት ትዝ አለኝ።

ልጅ እያለሁ፣ ጣሊያን ደብረ ታቦር ላይ በከፈተው ትምህርት ቤት ቀይ ቤትና ቢጫ ቤት ተብለን ተከፍለን ነበር። ጥፍሩን ለቆረጠ፣ መዝሙር ላልሳተ፣ ለቤቱ ጣሳ አንድ ባቄላ ይጣልለታል። ቅዳሜ ያሸነፈው ቤት ትኩስ ፉርኖ ይበላል፤ ሽታው ብቻ ያሳብዳል። የጣሊያን ጦር ካፒቴኑም ከአስተርጓሚው ጋር የአሸናፊዎቹን አለቃ ወላጆች ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያመሰግናል። ምስጋናው ለስሙ ነው፤ አርበኛ ፍለጋ ጎታ ሳይቀር በዱላው ይኮረኩራል። የቀይ ቤት አለቃ ደግሞ እኔ ነበርኩ። ድምፄ ያምራል ብለው ሲመርጡኝ እንዴት ኮርቼ ነበር!

በኋላ አርበኛው አባቴ ቆስሎ ከዱር መጣ። እናቴ ጎታው ጀርባ ደበቀችው። የቁስሉን ሽታ ለመሸፈን ጠዋት ማታ ነጭ ሽንኩርት ትወቅጣለች፤ ቀሚሴ ሁሉ እሱን እሱን ይል ነበር። «ልጄ፣ ሆድ ከአገር ይሰፋል። ትንፍሽ እንዳትዪ» አለችኝ። ጣሳችን ግን በዚያው ሳምንት ይሞላ ጀመር። ባቄላው ቋ ባለ ቁጥር ካፒቴኑ ደጃችን የደረሰ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ከቢጫዎቹ ጋር እኩል ሆንን፤ የቀረው መዝሙር ብቻ ነበር። ካሸነፍን አባቴ መሰቀሉ ነው። ሆን ብዬ ብስት ደግሞ ድምፄን የሚያውቀው አስተርጓሚ ይነቃብኛል። መዝሙሩን አወጣሁ። የሚቀበለኝ ጠፋ! አንዱ ሳለ፣ አንዱ ሳቀ፣ ጎረቤቴ ጥሩነሽ ጭራሽ ሌላ መዝሙር ጀመረች። አስተርጓሚው ሁላችንንም በአለንጋ ገረፈን። ቢጫዎቹ ፉርኖውን ሲገምጡ እኛ ሽታውን እየማግን ቆመን አየን።

ወደ ቤት ስንመለስ ጥሩነሽ ጆሮዬ ሥር ተጠጋች። «ያ ሁሉ ነጭ ሽንኩርት ለወጥ ነው ብለን የምናምን መስሎሽ ነው? እናትሽን ግን እንዳትነግሪያት፤ ትደነግጣለች» አለችኝ።

አባቴ ድኖ ወደ ዱሩ ተመለሰ። ዛሬ ልጆች ለዋንጫ ይሯሯጣሉ፤ ቢያሸንፉም ቢሸነፉም ደጃቸውን የሚያንኳኳ ካፒቴን የለም። ተመስገን ነው። ያን የመሰለ ጓደኛ ግን ያገኙ ይሆን?

«እማማ፣ የእናንተስ ቀይ ቤት ተሸንፎ ያውቃል?» አለኝ ልጁ።

«አዎ፣ ልጄ።»

«አልቅሰው ነበር?»

«ኧረ፣ ያን ለት እንኳ አላለቀስኩም» አልኩት። ይህን ስል ግን እንባዬ ቀደመኝ።