ሁለተኛው ቴስታታ

እኔ ፈሪ ነኝ። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ለንደን፣ ባተርሲ ውስጥ፣ ከባቡር ሐዲድ ሥር ባለች ጋራዥ ውስጥ ብቻዋን የአሮጌ መኪና ሞተር ስትፈታ የምትውል ሴት ምን ያስፈራታል ይሉኛል። እስቲ አንድ ቀን መጥተው አጠገቤ ይቁሙ። ከላይ ባቡር ባለፈ ቁጥር ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ይንቀጠቀጣል፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ብረትም አብሮ ይንቀጠቀጣል። ባቡሩ እስኪያልፍ እጄን ከብረቱ አንስቼ እቆማለሁ። ደንበኞቼ ይህን ጥንቃቄ ይሉታል። ፍርሃት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

የምፈራው የቴስታታን ግድግዳ ነው። ቴስታታ የሞተር ራስ ነው፤ ፒስተኖቹ ላይ የሚከደን ከባድ ብረት። አዲስ አበባ ሙያውን ስማር እንዲህ ብዬ ስለለመድኩት እስከ ዛሬ ሌላ ስም አይመጣልኝም። በውስጡ አየር የሚገባባቸውና ጭስ የሚወጣባቸው መተላለፊያዎች አሉት፤ በድሮዎቹ ጉልበተኛ የአሜሪካ መኪኖች ላይ እነዚህ መተላለፊያዎች ጠባብና ሻካራ ሆነው ነው ከፋብሪካ የወጡት። የእኔ ሥራ በቀጭን ግራይንደር ከውስጥ እየፋቁ ማስፋትና ማለስለስ ነው፤ ሞተሩ እንደ ልቡ እንዲተነፍስ። ታዲያ ከመተላለፊያው ግድግዳ ጀርባ የማቀዝቀዣው ውሃ የሚዞርበት ክፍት ቦታ አለ። ትንሽ ብቻ ከተፋቀ ሥራው አልተሠራም። ትንሽ ከበዛ ግድግዳው ይበሳና ውሃው ሞተሩ ውስጥ ይገባል። ምን ያህል ብረት እንደቀረ በዓይን አይታይም። እኔ ትንሿን ጣቴን አስገብቼ እዳብሳለሁ፣ በጆሮዬም የግራይንደሩን ድምፅ እከታተላለሁ፤ ብረት ሲሳሳ ድምፁ ይቀጥናል።

ያቺ ጣት ደግሞ ከድታኛለች። ስንት ዓመት ሙሉ የሚነዝር ነገር ይዤ ስለኖርኩ ብርድ ሲገባ ጣቶቼ ነጭ ይሆኑና ይደነዝዛሉ። የእኔ መሆናቸውን የማውቀው ሳያቸው ብቻ ነው። ሐኪሟ «ሥራ ብትቀይሪ ጥሩ ነው» አለችኝ፣ ሻይ ብትቀንሺ ጥሩ ነው እንደማለት። ለማንም አልተናገርኩም።

በዚያ የለንደን የብርድ ወቅት ጠረጴዛዬ ላይ የነበሩት ሁለት ቴስታታዎች የጋሼ ነበሩ። ስምንት ሲሊንደር ያለው ሞተር በግራና በቀኝ ሁለት ነው ያለው። ጋሼ ዘመዴ አይደሉም፤ ቤተ ክርስቲያን ነው የተዋወቅነው። ክላፋም ይኖራሉ፤ ዕድሜያቸውን የለንደን አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ሲወጡ፣ እኩዮቻቸው አገር ቤት ቤት ሲሠሩ፣ እሳቸው የማትነሳ አሮጌ የአሜሪካ መኪና ገዙ። ባለቤታቸው ተቆጥተው ብዙ ጊዜ አኩርፈዋቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ነግረውኛል።

ነገሩ የልጅነት ነው። አዲስ አበባ ሰፈራቸው ውስጥ እንዲህ ያለች መኪና የነበረው አንድ ትልቅ ሰው ነበር። ጋሼ ሁልጊዜ ሄደው መኪናዋን ይደገፋሉ፣ እናታቸው ደግሞ በጆሯቸው እየጎተቱ ይመልሷቸዋል። እኒያ እናት መኪናዋ ስትገዛ ዘጠናን አልፈው ነበር። አልጋ ላይ ነበሩ፤ ዓይናቸውም አያይም ነበር፣ ጆሯቸው ግን ደህና ነበር። ጋሼ በደወሉላቸው ቁጥር እናትየው ከሰላምታ በፊት የሚጠይቁት አንድ ነገር ነበር፤ «ተነሳች ወይ?»

ቴስታታዎቹን ያመጡልኝ ቀን ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ነው የነገሩኝ። «ልጄ፣ ቶሎ በይ አልልሽም። ብቻ እማዬ ድምጿን ሰምታ ትሙት። ስልኩን ሞተሩ አጠገብ ይዤ ላሰማት ነው የምፈልገው።»

ምነው ባልነገሩኝ አልኩ በልቤ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግራይንደሩን ባነሳሁ ቁጥር ከብረቱ ጀርባ ያለው ውሃ ብቻ አልነበረም የሚያስፈራኝ፤ አዲስ አበባ አልጋ ላይ ሆነው የሚጠብቁ አንዲት አሮጊትም ነበሩ።

የተበሳው በጥር አንድ ጠዋት ነው። ጣቶቼ ነጭ ነበሩ። ብብቴ ውስጥ ከትቼ አሞቅኳቸው፣ ሻይ ብርጭቆ ላይ አሞቅኳቸው፣ ደህና ናቸው ብዬ ራሴን አታለልኩና ጀመርኩ። እየፋቅኩ ሳለሁ ድምፁ ቀጠነ። ሰምቼዋለሁ። ግን ባቡር የሚመጣ መሰለኝ። ባቡር ነው ብዬ እጄን ላነሳ ስል ግራይንደሩ ቸኩሎ ወደ ፊት ሾለከ። ባቡርም አልመጣም።

በባትሪ ሳየው የሰሊጥ ፍሬ የምታክል ጥቁር ነጥብ ናት። ቆሻሻ ይሆናል ብዬ ጠረግኳት። አልጠፋችም። ከጀርባ በኩል ውሃ ጠብ ሳደርግ ውሃው በነጥቧ በኩል ወጥቶ መተላለፊያው ውስጥ ወረደ። ዘይት ጀሪካን ላይ ተቀመጥኩ።

ተስፋ የለውም ማለት አይደለም። ወደ ሰሜን ርቆ እንዲህ ያለውን አሮጌ ብረት ምድጃ ውስጥ ሙሉ በሙሉ አግሎ የሚበይድ አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ አለ። ነገር ግን ወረፋው ወራት ይፈጃል። ጋሼ ወራት ነበራቸው፤ እናታቸው ግን ይኑራቸው አይኑራቸው ማን ያውቃል።

ስልኬን አንስቼ የጋሼን ቁጥር አየሁና መልሼ አስቀመጥኩት። እኛ ክፉ ወሬ በስልክ አንናገርም። ብቻዬን ሄጄ ፊታቸው መቆሙን ደግሞ ፈራሁ። እንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሽማግሌ ይዞ ነው የሚሄደው፣ ስለዚህ ለሽማግሌ ደወልኩ።

ስህተቴ የሽማግሌው ምርጫ ላይ ነው። ዋይት ሲቲ የሚኖሩ አንድ አዛውንት አሉ፤ የለንደን ሐበሻ ሁሉ ያውቃቸዋል። አገር ቤት ሰው ሲሞት ቤተሰብ ለንደን ላለው የሟች ልጅ አይደውልም፣ ለእሳቸው ነው የሚደውለው። እሳቸው አንድ ሁለት ሰው አስከትለው፣ ሐዘንተኛው ለሥራ ከቤት ሳይወጣ፣ በማለዳ ሄደው መርዶ ይናገራሉ። እንደ እሳቸው ለስለስ አድርጎ ክፉ ነገር የሚናገር ሰው የለም። እኔም ሞትን እንዲህ አሳምረው መናገር ከቻሉ ብረት ምን ያቅታቸዋል ብዬ ነው ያሰብኩት። እንግዲህ ጭንቅላቴ ያኔ የሠራው ይህንን ያህል ነው።

ነገሩን ሁሉ አስረዳኋቸው። ስለ ሞተር ምንም አያውቁም። «ብረቱ ተጎድቷል፣ ይጠገናል፣ ግን ይቆያል፤ አይደል?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «በይ በጠዋት እንሄዳለን» አሉ። ለምን በጠዋት ብዬ አልጠየቅኳቸውም። እሳቸውም የለመዱትን ነው ያሉት።

ገና ሳይነጋ ክላፋም አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተገናኘን። ረጅም ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰዋል፣ አንገታቸው ላይ ነጠላ ጣል አድርገዋል። እኔም ያለችኝ ካፖርት ጥቁር ናት። እየሄድን ሳለ የምናገረውን በልቤ እየደጋገምኩ ስለነበር አለባበሳችንን ልብ አላልኩም።

ሽማግሌው ደወል አይደውሉም። በጣታቸው መገጣጠሚያ በቀስታ በሩን ያንኳኳሉ። ጋሼ ጋቢ ደርበው ከፈቱ። እኔን አላዩኝም። የሽማግሌውን ፊት አዩ፣ ካፖርታቸውን አዩ፣ ነጠላውን አዩ። ፊታቸው አመድ ሲመስል በዓይኔ አየሁት።

«ቁርስ በላህ ወይ?» አሉ ሽማግሌው።

ሰው በባዶ ሆዱ መርዶ እንዳይሰማ መጀመሪያ የሚጠየቀው ይህ ነው። ለንደን ውስጥ ይህን ጥያቄ ከእኒህ ሰው አፍ ሰምቶ ቁርስ የበላ የለም። ጋሼ የበሩን መቃን ያዙ። «እማዬ ናት» አሉ። ጥያቄ አልነበረም። ከኋላ ባለቤታቸው ብቅ አሉ፣ እኛን አዩና ደረታቸውን እየደቁ «ወይኔ እናቴ! ወይኔ እናቴ!» እያሉ ጮኹ። የጎረቤት በር ተከፈተ፤ አንዲት እንግሊዛዊት በሌሊት ልብሷ ወጥታ ደንግጣ ቆመች። ሽማግሌውም ሰው ሲያለቅስ የሚያውቁት አንድ ነገር ነውና እጃቸውን ዘርግተው ጋሼን አቀፏቸው፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ።

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ነው የወጣኝ። «ቴስታታው ነው! ጋሼ፣ ቴስታታው ነው የተበሳው!»

ባለቤታቸው በጩኸታቸው መሃል ቀጥ አሉ። ጋሼ ከሽማግሌው ትከሻ ላይ ቀና ብለው አዩኝ።

«ምን?»

«ቴስታታው ተበሳብኝ። አንደኛው። ይጠገናል፣ ግን ይቆያል።»

«እማዬስ?»

«እኔ ስለ እማማ ምንም አላውቅም።»

አላመኑኝም። ጋቢያቸው እየተጎተተ ገብተው አዲስ አበባ ደወሉ። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ጠራ። ያን ጊዜ እኔም ፈራሁ፤ የእውነት የሆነ ነገር ሆኖ ቢሆንስ ብዬ። ከዚያ ከስልኩ ውስጥ የደከመች፣ የተቆጣች ድምፅ ወጣች። «ተነሳች ወይ?»

ጋሼ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። «ትነሳለች እማዬ፣ ትነሳለች» አሉ። ይስቁ ነበር፣ እንባቸውም ይወርድ ነበር። ስልኩን ከዘጉ በኋላ ባለቤታቸው እኛን ለመምታት የፈለጉ ይመስሉ ነበር፣ ግን ሻይ አቀረቡልን። ስለ ቴስታታው ማንም አልተቆጣኝም። ያን ያህል ስፈራው የነበረ ነገር በዚያ ቤት ውስጥ ምንም አልነበረም። ጋሼ በር ላይ ሲሸኙን ሽማግሌውን ቀድመው አሳልፈው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ስሚኝ ልጄ። ሁለተኛውን ብትበሺው ቴክስት አድርጊልኝ። ሞተሩን ብታቃጥዪው፣ መኪናዋን ብታቃጥያት፣ ቴክስት አድርጊልኝ። ከእኒህ ሰውዬ ጋር ግን ሁለተኛ በሬን እንዳታንኳኪ።»

«እሺ» አልኳቸው። ማልኩላቸውም።

ከዚያ በኋላ ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፣ መቀለጃ ሆንኩ። ጋሼ እራሳቸው ባገኙኝ ቁጥር «ቁርስ በላሽ ወይ?» ይሉኛል። የተበሳውን ቴስታታ ወደ ሰሜን ላክሁት፤ ወረፋው እንደፈራሁት ረዘመ። ብርዱ እስኪለቅ ሁለተኛውን አልነካሁትም። ጣቶቼ ቀልተው፣ ሞቀው፣ የእኔ ሲሆኑ ብቻ ጀመርኩ። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየፋቅኩ፣ ባቡር ሳይኖር እንኳ ባቡር ነው እያልኩ እያቆምኩ፣ ላብ ጀርባዬን እያጠበው ሠራሁት። ስጨርስ ከጀርባ በኩል ውሃ ሞላሁበትና ሳህን ሥሩ አስቀምጬ ሄድኩ። በማግስቱ ሳህኑ ደረቅ ነበር። የተበየደውም በዚያው ሳምንት መጣልኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ አየኋቸው። ለጋሼ ልደውል ስልኬን ሳነሳ ስልኩ በእጄ ላይ ጠራ።

የዋይት ሲቲው ሽማግሌ ናቸው።

«ዛሬ ጠዋት ከአገር ቤት ደውለውልኝ ነበር» አሉኝ። ስለ እማማ እንደሆነ ሳይነግሩኝ ገባኝ። «ነገ በጠዋት እንሄዳለን። አንቺም ብትኖሪ ጥሩ ነው፣ ይወድሻል» አሉ።

ቃል ገብቻለሁ ልላቸው ፈልጌ ነበር። ግን እንዲህ ያለ ነገር ቴክስት አይደረግም።

በዚያው ማቆሚያ ተገናኘን። ያንኑ ካፖርት ለብሰዋል። የጋሼን ቤት ደረጃ ወጣን። ሽማግሌው በጣታቸው መገጣጠሚያ በቀስታ አንኳኩ።

ጋሼ ከፈቱ። ሽማግሌውን አዩ። ከዚያ ፈጥነው ፊታቸውን ወደ እኔ አዞሩ፣ እንደመሳቅ አሉ።

«ሁለተኛውንም በሳሽው፣ አይደል?»

ዓይኔን ወደ ደረጃው መለስኩ።

«ምንም አይደል» አሉ፣ እጄን ይዘው። «ምንም አይደል ልጄ፣ ይበየዳል። ብቻ በሳሁት በይኝ።»

በሕይወቴ ሙሉ ስፈራ የኖርኩት ያንን ቃል መናገር ነበር። ምነው ያን ጠዋት እውነት በሆነልኝና በተናገርኩት። ሁለተኛው ቴስታታ ግን ባተርሲ ጠረጴዛዬ ላይ ነበር፣ አንድም ቦታ አልተበሳም።