ሜታል ጸጥ ያለ ሙዚቃ ነው ይል የነበረው ጊታሪስት

ይሻው አለሙ ደብረ ታቦር የገባው በ1984 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። ሠራዊቱ ከመበተኑ በፊት በኪነት ቡድኑ ውስጥ ጊታር ይጫወት ነበር። ሌላው ተመላሽ ወታደር ብርድ ልብስና ኮዳ ይዞ ሲመጣ፣ እሱ በማዳበሪያ ጆንያ የተጠቀለለ ቀይ ጊታር ይዞ መጣ። ቀለሙ ተልጧል፤ አንገቱ አንዴ ተሰብሮ በሙጫ ተያይዟል፤ ወፍራሙ ክር ጠፍቶ በቢስክሌት ፍሬን ሽቦ ተተክቷል። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሃያ ሁለት።

በዚያ ዘመን «የጉና ጮራ» በሚባለው ባንዳችን ውስጥ ቤዝ ጊታር እጫወት ነበር። ባንድ ስላልኩ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ድራም፣ ሦስት ጊታር፣ ዕድሜው የማይታወቅ አንድ አምፕሊፋየር፣ ከዚያ ደግሞ ካልተለመኑ የማይመጡ ሁለት ዘፋኞች ነበሩን። የምንለማመደው ቆርቆሮ ጣሪያ ባለው የቀበሌ አዳራሽ ነው። በረዶ ሲጥል መደማመጥ ስለማንችል ጊታራችንን አስቀምጠን፣ እጃችንን ብብታችን ውስጥ ከትተን፣ እስኪያባራ እንሳሳቅ ነበር። ዛሬ ከዘፈኖቹ ይልቅ ትዝ የሚለኝ ያ የበረዶ ሰዓት ነው።

የባንዱ መሪ እሸቴ ነበር። ዜማውን የሚመራውን ሊድ ጊታር ይጫወታል፤ ጣቱ ፈጣን ነው፣ ምላሱም እንደዚያው። ይሻውን አንድ ቀን ሰምቶ ወዲያው ተቀበለው፤ ከኋላ ሆኖ ምቱን የሚይዘውን የጊታር ቦታ ሰጠው። ይሻው ቀን ቀን ሙስጠፋ ከሚባል ጨርቅ ነጋዴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ራዲዮና ቴፕ ይጠግን ነበር። ሙስጠፋ ቦታውን የሰጠው ደጃፉ ላይ ሰው እንዲበዛለት ነው ይላል፤ እኔ ግን ጨዋታውን ወዶ ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው እዚያ ደጃፍ ላይ ነው። በ1988 ዓ.ም. አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለመንገድ ጥናት የመጣ የውጭ አገር መሐንዲስ ካሴት የዋጠበትን ቴፕ በሾፌሩ እጅ ላከ። ይሻው ቴፑን ፈታታው፤ ካሴቱን ሳይበጥስ አወጣው፤ የተጨማደደውን ክር በእርሳስ አጠንጥኖ፣ መሥራቱን ለማየት መልሶ ከተተው። እኔ አጠገቡ ቆሜያለሁ። መጋዝ ብረት ሲቆርጥ የሚመስል ድምፅ ወጣ። ሙስጠፋ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከውስጥ ብቅ አለ።

«አሁንም አልሠራም ማለት ነው?» አለ።

«ሠርቷል» አለ ይሻው። «ሙዚቃው ነው እንዲህ የሆነው።»

እኔና ሙስጠፋ ስንስቅ ይሻው አልሳቀም። ጆሮውን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ አንደኛው ገጽ እስኪያልቅ ንቅንቅ አላለም፤ ከዚያ ካሴቱን ገልብጦ ሁለተኛውንም ሰማ። ሾፌሩ ሲመለስ የሙዚቃውን ስም ጠየቀው። ሾፌሩም ከአለቃው እንደሰማው ሄቪ ሜታል እንደሚባል፣ ከባድ ብረት እንደ ማለት እንደሆነ ነገረው። በማግሥቱ መሐንዲሱ ራሱ መጣ። ይሻው ሙዚቃውን እንደወደደው ሲሰማ መጀመሪያ አላመነም፤ በኋላ እየሳቀ ካሴቱን ትቶለት ሄደ።

በከተማችን ጊታር የምንይዝ ሰዎች ብንቆጠር ስምንት ብንሆን ነው። ስምንታችንም በብዙ ነገር አንስማማም ነበር፤ ሜታል የታመመ ሰው ጩኸት መሆኑ ላይ ግን ሰባታችን ተስማማን። ይሻው ብቻ «ጸጥ ያለ ሙዚቃ ነው» ይላል። አንድ ቀን በልምምድ መሀል ወፍራሙን ክር በመዳፉ ጠርዝ አፍኖ እየመታ በአንቺሆዬ ቅኝት አንድ ዜማ አወረደ። ድምፆቹ ተጠጋግተው ሲፋተጉ የሚሰማው ነገር ካሴቱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን ሊያሳየን ነበር የፈለገው። እሸቴ ቅኝታችንን ከጩኸት ጋር እንዳያነካካ አስጠነቀቀው። እኔ በሆዴ ይሻው እውነቱን ነው ብያለሁ፤ አፌን ግን አልከፈትኩም።

በዕቃ ጉዳይ ደግሞ የባሰ ተለያየን። እሸቴ ከአዲስ አበባ የጃፓን አምፕሊፋየርና በእግር የሚረገጥ፣ የጊታርን ድምፅ የሚያሻክር ዲስቶርሽን ፔዳል አስመጣ። ሁላችንም ፔዳሉን እንደ ታቦት ዙሪያውን ቆመን አየነው። ይሻው አንድ ጊዜ ረግጦ ሞከረውና አጠፋው።

«ይኼ ሳጥን ስህተት ይደብቃል» አለ። «ሻካራነቱ ሲበዛ ድምፁ የሚከብድ ይመስላችኋል። አይከብድም፤ ይደፈርሳል። ግማሹን ብትቀንሱለት ያን ጊዜ ነው ክብደቱ የሚሰማችሁ።»

ይህም አልበቃው። አዲስ ክር ከአሮጌ ክር አይሻልም አለ። ጊታሪስት ሁሉ ግራ እጁን ሲያሯሩጥ ዕድሜውን ይጨርሳል፣ ሙዚቃው ያለው ግን በቀኝ እጅ ነው አለ። ይህን ሲል እሸቴን እያየ አልነበረም፤ እሸቴ ግን ለሱ እንደተባለ ቆጠረው። ይሻው የራሱን መሣሪያ ከተጣለ ራዲዮ ሠራ። የስፒከሩን ወረቀት በምላጭ ሰነጠቀው፤ ጊታሩን ሲሰካበት እንደዚያ ካሴት ይሻክራል። የሚሠራው በባትሪ ድንጋይ ስለሆነ የትም ይዞት ይሄዳል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሁለታችን በእግር ወደ ጋፋት እንወርድ ነበር፤ እዚያ ጎረቤት የለም። ሜዳው ላይ ተቀምጦ ይመታል፤ እኔ እሰማለሁ። ነጭ የለበሱ ሰዎች ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ቆም ብለው አይተውን፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ያልፋሉ። እንዳልሰደብ ፈርቼ ቀንስ ስለው፣ አጼ ቴዎድሮስ መድፍ ባሠሩበት አገር ብረት ቢጮህ ማን ይከፋዋል ብሎ ሳቀብኝ። ከዚያ ወዲህ እንደነዚያ እሑዶች ያለ ጊዜ አላገኘሁም።

በ1990 ዓ.ም. ሚያዝያ ላይ ይፋግ ውስጥ ለአንድ በዓል እንድንጫወት ተጠራን። ገበያው ሜዳ ላይ መድረክ ተሠርቷል፤ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ፣ እሸቴ ብቻውን የሚጫወትበት ቦታ ሲደርስ ክሩ ተበጠሰ። በዓይኑ ይሻውን ጠቀሰው፤ ሙላልኝ ማለቱ ነው። ይሻው ጎንበስ ብሎ ከጆንያው ውስጥ ያቺን ራዲዮ አወጣ፤ ማይክራፎኑን ፊቷ አቆመና መታ።

ዘፈኑ በአንቺሆዬ ነበር። ሲወዛወዝ የነበረው ሕዝብ ትከሻው ቆመ። የሳቀም የጮኸም የለም፤ ዝም ብለው ያዩታል። ይሻው ዓይኑን ጨፍኖ ምናልባት አራት ደቂቃ ተጫወተ። ሲጨርስ አንድም ሰው አላጨበጨበም። አንድ ሽማግሌ ከሕዝቡ መሀል ወጥተው፣ ዘንጋቸውን እየተመረኮዙ መድረኩ ሥር ደረሱ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶብህ ነው?» አሉት።

ይሻው ጊታሩን አውርዶ እጅ ነሣቸው። «ብዙ ናቸው አባቴ» አለ። «እግዜር ይስጥዎት፣ ስለጠየቁኝ።»

 በሳምንቱ እሸቴ ስብሰባ ጠራ። ይሻውን ውጭ እንዲጠብቅ አድርጎ፣ ባንዱን አዋርዷል፣ በዓሉን ለቅሶ አድርጎታል አለ። ከዚያ ይሰናበት የሚል እጁን ያውጣ ተባለ። ድራም የሚመታው ልጅ አወጣ። እሸቴ አወጣ። እኔም አወጣሁ። ይሻው ውሳኔው ሲነገረው ከሁላችን ጋር ተጨባብጦ ሄደ፤ ወደ ጋፋትም ከዚያ በኋላ አብረን አልወረድንም። ሱቁ ደጃፍ ሳልፍ ሰላም እንባባላለን፤ ስለ ሙዚቃ ግን እኔም አላነሳ፣ እሱም አያነሳ።

ባንዱ ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ አልቆየም። አንድ ሰው ብቻውን በኪቦርድ የሠርጉን ሁሉ ሙዚቃ የሚሠራበት ዘመን መጣ፤ እኛን የሚጠራ ጠፋ። እሸቴ ወደ ባሕር ዳር ሄደ፤ እኔ ቢሮ ተቀጠርኩ። ይሻው ከራዲዮ ወደ ሞባይል ጥገና ተሸጋገረ፤ ጥሩወርቅን አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች ወለደ። ቀይ ጊታሩ በሙስጠፋ ሱቅ ውስጥ ከጨርቅ ጣቃዎቹ በላይ ተሰቅሎ ይታይ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ትዕግሥት የምትባል፣ ከአዳማ የመጣች የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አምፕሊፋየሯ ተበላሽቶ በባጃጅ ጭና ወደ ይሻው መጣች። ሙስጠፋ ሮጦ መጥቶ ባይጠራኝ አላይም ነበር። ስደርስ ይሻው የጠገነውን አምፕሊፋየር እየሞከረላት ነው፤ የሚጫወተው ደግሞ ያንኑ የይፋጉን ነው። ልጅቷ ቆማ አፏን ይዛለች። ለካ እሷም ሜታል ተጫዋች ናት፤ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አራት ሆነው ይለማመዳሉ። አምስት ፔዳል አላት። ይሻው አምስቱንም ፔዳል አጥፍታ ስድስቱን ክር በተራ እንድትመታ ነገራት። ተከራከረች፤ በኢንተርኔት ያነበበችውን ሁሉ አመጣች፤ ያለ ፔዳል ሜታል እንደሌለ ማለች። በማግሥቱም መጣች፤ በሳልስቱ ጓደኞቿን አስከትላ ተመለሰች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ደጃፍ የክርክር ቦታ ሆነ።

አንድ ቅዳሜ ትዕግሥት ብድግ ብላ ጠየቀችው።

«ጋሽ ይሻው፣ ሁልጊዜ ጸጥ ያለ ሙዚቃ ነው ይላሉ። ምኑ ነው ጸጥ ያለው?»

ይሻው የያዘውን ሞባይል አስቀመጠ። «ስንበተን በእግር ነበር የተመለስነው» አለ። «ከኪነት ቡድናችን አሥራ አንድ ሰው ተነሳን፤ አራት ደረስን። ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ውስጥ ጩኸት ገባ። ስበላም ስጫወትም አይለቀኝም፤ ለማንም አልተናገርኩም። ያን ካሴት የሰማሁ ዕለት ጩኸቱ ከውጭ ሆነ። ውስጤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ። ለዚህ ነው።»

 እኔ ካሴቱ በተሰማ ዕለት አጠገቡ ነበርኩ፤ ያን ሁሉ እሑድ አብሬው ተቀምጫለሁ፤ አንድም ቀን ግን ይህን አልጠየቅኩትም። ልጆቹ ሲሄዱ እኔ ቀረሁ። በስብሰባው ቀን እጄን ማውጣቴን ነገርኩት።

«አውቃለሁ» አለ። «እሸቴ ያኔውኑ ነግሮኛል።»

«ታዲያ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዴት ዝም አልከኝ?»

«አንተ እስክትነግረኝ ነው የጠበቅሁት» አለ። «ደግሞ እውነቱን ልንገርህና፣ ይፋግ ላይ ድምፁን አብዝቼው ነበር።»

እሱ ሲስቅ እኔ ማልቀሴን አላፍርበትም።

በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ተማሪዎቹ በግቢያቸው አዳራሽ ከሰዓት በኋላ ዝግጅት አቀረቡ። ይሻው መድረክ አልወጣም፤ ጥሩወርቅን፣ ሙስጠፋንና እኔን ይዞ ከፊት ተቀመጠ። ትዕግሥት በአንቺሆዬ ጀመረች። ከአምስቱ ፔዳል አንዱን ብቻ ነበር ያበራችው፣ እሱንም በግማሽ። አዳራሹ ተነሥቶ አጨበጨበ፤ ይሻው መሬት መሬቱን እያየ ዝም ብሎ ተቀመጠ።

አሁን ትዕግሥት ተመርቃ ሥራ ይዛለች፤ በየበዓሉ ትደውልለታለች። ሌሎች ተማሪዎች ይመጣሉ፤ ክርክሩም አልቆመም። ይሻው በአንድ ነገር ብቻ ተሸንፏል። የጊታር ክር በጆሮ እንጂ በዕቃ አላስተካክልም ይል ለነበረው ሰው፣ ባለፈው የገና በዓል ተማሪዎቹ በስልክ የሚሠራ የክር ማስተካከያ ጫኑለት። ሁለት ሳምንት አኮረፈው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ስሄድ፣ መነጽሩን አድርጎ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ፣ ቀስ እያለ ክር ሲወጥር አገኘሁት። ቀና ብሎ አየኝና፣ ይቺ ከእኔ ትሻላለች ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።