ወደ ላይ ብቻ የሚሠራው አሳንሰር

የጡረታ መሥሪያ ቤቱን አሳንሰር የምታንቀሳቅሰውን ሴት በስሟ የሚጠራት የለም፤ ትልቁም ትንሹም «እትዬ አሳንሰር» ነው የሚላት። አሳንሰሩ አሮጌ ነው። በሩ በእጅ ይሳባል፣ ቁልፉን በአውራ ጣት ተጭነው ካልያዙት ደግሞ መሃል መንገድ ላይ ቀጥ ይላል። እሷም በርጩማዋን ጥጉ ላይ አድርጋ፣ ትራስ ጣል አድርጋበት፣ «እግር ሰብሰብ፣ ከዘራ ሰብሰብ» እያለች ጡረተኛውን ሁሉ አምስተኛ ፎቅ ታደርሳለች። የጡረታን ጉዳይ አምስተኛ ፎቅ ላይ የሰቀለው ሰው መቼም አያት የለውም።

ታዲያ አዲስ ኃላፊ መጣ። ጎረምሳ ነው፤ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው የሚወጣው። አፉን ሲከፍትም ሲዘጋም «ቁጠባ» ነው። መጀመሪያ የመጸዳጃ ቤቱ ሳሙና ተቆጠበ። ቀጥሎ የኮሪደሩ አምፖል እኩሌታው ተፈታ። ከዚያ ባለጉዳይ የሚቀመጥባቸው ወንበሮች «የጥገና ወጪ ያበዛሉ» ተብለው ተነሡ፤ ሽማግሌው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። የኃላፊው ሶፋ፣ ምንጣፉና ብስኩቱ ግን ወይ ፍንክች። ቁጠባም ጉልበቱን ያመዋል መሰለኝ፣ የኃላፊ ቢሮ ድረስ ወጥቶ አያውቅም።

ወዲያው ተራው የአሳንሰሩ ሆነ። ኃላፊው እትዬ አሳንሰርን አስጠራትና፣

«ከነገ ጀምሮ ሰው የሚሳፈረው ወደ ላይ ብቻ ነው» አላት። «ለመውረዱ ምን ችግር አለ? መሬት ራሷ ትስባለች።»

«አሳንሰሩስ ጌታዬ? እሱ በምን ይወርዳል?»

«ባዶውን ይወርዳል። ባዶ ቀላል ነው። ሰው ጭነሽ ስትወርጂ የተገኘሽ ዕለት ግን በዚያው ወደ ቤትሽ ነው።»

ባሏ ይሠራበት የነበረው የመንገድ ሥራ በዚሁ በቁጠባ ሰበብ ቆሞ፣ ሰውዬው እቤት ከዋለ ከርሟል። የልጆቿ ጉሮሮ ያለው በእሷ አውራ ጣት ላይ ነው። «እሺ» ብላ ወጣች።

በማግስቱ ጡረተኛ በሕይወት መኖሩን በአካል ቀርቦ የሚያረጋግጥበት ቀን ነበር። እትዬ አሳንሰር ከጠዋት ጀምሮ ስታመላልስ አረፈደች። የፈረመው ሁሉ ሊወርድ ሲመጣ ግን «አይቻልም፣ ወደ ላይ ብቻ ነው» ብላ በሩን ጎትታ ባዶዋን ትወርዳለች። ለካ ሽማግሌው ከላይ ተከምሯል።

ከመሃላቸው በጡረታ የተገለሉ አንዲት አዋላጅ አሉ። ሰውነታቸው ደልደል ያለ፣ ሁለቱም ጉልበታቸው በፋሻ የተጠመጠመ ነው።

«ልጄ፣ ጉልበት የሚገድለው እኮ መውረዱ ነው» አሏት።

«አውቃለሁ እማማ፣ እናቴም እንደዚያው ናት። ባወርድዎት ግን ልጆቼን ምን ላብላቸው?» አለች፤ እንባዋም ቀደማት።

አዋላጇ እንባዋን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት። «ግድ የለም፣ አንቺ ሥራሽን አትጪ። እኛ እንቀመጣለን።»

የት ይቀመጣሉ? ፎቁ ላይ የቀረው መቀመጫ የኃላፊው ብቻ ነው። ተያይዘው ገቡ። ሶፋው ሞላ፣ ምንጣፉ ሞላ፤ ኃላፊው ሊቆጣ ብድግ ሲል ወንበሩም ሰው አገኘ። ብስኩቱ በየእጁ ዞረ።

«ምን ፈልጋችሁ ነው?» አለ ኃላፊው።

«ምንም» አሉ አዋላጇ። «በሕይወት መኖራችሁን አረጋግጡ ተባልን፤ ይኸው እየኖርን ነው።»

ትእዛዙን እንዳይሽር እልህ ያዘው። ኮቱን አውልቆ «ኑ፣ እኔው ራሴ አወርዳችኋለሁ» አለና ማንን ቢያዝል ጥሩ ነው? አዋላጇን። አራተኛው ፎቅ ላይ ጉልበቱ ተብረከረከ። ሦስተኛው ላይ ቁና ቁና መተንፈስ ጀመረ።

«አይዞህ ልጄ፣ በአፍንጫህ ሳብ፣ በአፍህ አውጣ» ይሉታል ከጀርባው ሆነው። «ጎሽ። ትንሽ ነው የቀረህ፣ አሁን እንዳታቆም።»

ምድር ቤት ሲደርስ አዋላጇ በሰላም ተገላገሉ፤ የእሱ ወገብ ግን እንደጎበጠ ቀረ። በቅሎ ገመዷን ብትበጥስ በራሷ አሳጠረች። የቀሩት ሽማግሌዎች በአሳንሰር ወረዱ፤ ትእዛዙን የሻረው ራሱ ነው፣ ወለል ላይ ተንጋሎ።

ሳምንት ሳይሞላ የጡረታ ክፍሉ ወደ ምድር ቤት ወረደ። ሽማግሌው ሁሉ መረቀ። እትዬ አሳንሰርም እልልታዋን አቀለጠችው። ነገሩ የገባት እልል ካለች በኋላ ነው። ሁሉም ምድር ቤት ካለቀለት አሳንሰር ማን ይሳፈራል?

ኃላፊውም ወገቡን እንደያዘ፣ «የሚሳፈር ከሌለማ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል» አላት። ያን ቀን ትራሷን አቅፋ ቤቷ ገባች።

ጠዋት ስትመጣ የአሳንሰሩ በር ላይ ሰልፍ አገኘች። አዋላጇ ከፊት ናቸው።

«እማማ፣ ጉዳዩ እኮ እዚሁ ምድር ቤት ሆኗል።»

«ሰምተናል። አድርሺን።»

«ላይ እኮ ከኃላፊው ቢሮ በቀር ምንም የለም።»

«ሶፋውን አውቀዋለሁ» አሉና ገቡ።

እንዲህ እያሉ ወሩን ሙሉ ተመላለሱ። ጉዳዩን ምድር ቤት የጨረሰ ሁሉ ላይ ወጥቶ፣ ኃላፊውን «ወገብህ እንዴት አደረ?» ብሎ፣ አንድ ብስኩት በልቶ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ ሰውየው ምርር አለው።

«እማማ፣ ሁሉ ነገር ታች ወርዶላችሁ የለም እንዴ? እዚህ ደግሞ ምን ጉዳይ ቀራችሁ?»

አዋላጇ የብስኩቱን ፍርፋሪ ከቀሚሳቸው ላይ አራገፉ። በተከፈተው በር፣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ እትዬ አሳንሰር በሩን ይዛ ስትጠብቃቸው ትታያለች።

«እሷ ናት ጉዳያችን» አሉት።

የወሩ መጨረሻ መጥቶ አለፈ። አሳንሰሩም አልተዘጋም።